ፊርፖ የወደቀበት፣ ሃሪሰን የተሻገረችበት ዓመት

ሬኮሌታ በሚባለው የቦነስ አይረስ መካነ መቃብር፣ በፕሬዚዳንቶች፣ በጄኔራሎችና በከብት ባለጸጎች መቃብር መሃል አንድ ቦክሰኛ ቆሟል። ከነሐስ የተሠራ ነው። ረጅም ካባውን ደርቦ፣ የቦክስ ጫማውን አስሮ፣ ስሙ ተጠርቶ ወደ ሪንግ እስኪወጣ የሚጠብቅ ይመስላል። ሉዊስ አንኸል ፊርፖ ነው። ጎብኚው ሁሉ የቀድሞዋን ቀዳማዊት እመቤት የኤቪታን መቃብር ፍለጋ ሲጣደፍ እኔ እዚህ ቆሜ ቀረሁ። ወደዚህ ከተማ ያመጣኝ ጥያቄ የሚጀምረው ከእሱ ነውና፦ አንድ ሕዝብ ከስፖርት ጀግኖቹ ማንን ለልጅ ልጅ ያወርሳል? የማንንስ ስም አንድ ሰሞን አንሥቶ ይተወዋል?

ፊርፖ ስሙ የገነነው በተሸነፈበት ግጥሚያ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 14 ቀን 1923 (ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ፖሎ ግራውንድስ በተባለው ሜዳ፣ ወደ 80 ሺህ ሰው ፊት ከዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ከጃክ ዴምፕሲ ጋር ገጠመ። ዴምፕሲ በመጀመሪያው ዙር ብቻ ሰባት ጊዜ ጣለው። ፊርፖ ሰባቱንም ጊዜ ተነሣ። ተነሥቶም ሻምፒዮኑን በቀኝ እጁ መትቶ በገመዶቹ መሃል ከሪንጉ ውጭ፣ ጋዜጠኞቹ ከተቀመጡበት ላይ ጣለው። ጋዜጠኞቹ ደግፈው ወደ ውስጥ መለሱት። በሁለተኛው ዙር ፊርፖ ወደቀ፤ ከዚያ በኋላ መነሣት አልቻለም። ከደወሉ እስከ ፍጻሜው አራት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። አርጀንቲናውያን ዴምፕሲ ከሪንጉ ውጭ የቆየው ከ10 ሴኮንድ በላይ ነው፣ ድሉ የእኛ ነበር እያሉ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ሴፕቴምበር 14ም በአገሩ የቦክሰኞች ቀን ሆኖ ይታሰባል።

የተሸነፈበትን ቀን በዓል ያደረገ ሕዝብ ልቤን ይነካዋል። ሰባት ጊዜ ወድቆ ሰባት ጊዜ የተነሣ ሰው መከበሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያው ዓመት፣ ከሦስት ወር በኋላ፣ ይኸው አገር አንዲት ያሸነፈች ወጣት ነበረችው። ከእሷ በፊት ወንድም ሴትም ያላደረገውን ያደረገች። የእሷን ነገር ወንዙ ዳር ስንደርስ አመጣዋለሁ።

ከሬኮሌታ ወደ አቬኒዳ ዴ ማዮ ወረድኩ። ይህ ጎዳና ከፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ከካሳ ሮሳዳ አካባቢ ተነሥቶ እስከ ምክር ቤቱ አደባባይ ይዘልቃል። ከሥሩ በ1913 የተከፈተው፣ በላቲን አሜሪካ የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር ያልፋል። በዚያ ዘመን ጎዳናው የጋዜጦች መንደርም ነበር። ላ ፕሬንሳ የተባለው ታላቅ ጋዜጣ ሕንፃው አናት ላይ ከባድ ወሬ ሲመጣ ለከተማው የሚጮህ ሳይረን ተክሎ ነበር። ሬዲዮ ገና ጥቂት ቤት ነው የገባው። ስለዚህ የፊርፖ ግጥሚያ ሌሊት ሰው ወሬውን ፍለጋ ወደ ጋዜጦቹ ደጃፍ ጎረፈ፤ በቴሌግራፍ የሚመጣውን እያንዳንዱን ቃል ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

በዚሁ ጎዳና ላይ በ1923 የተመረቀው ፓላሲዮ ባሮሎ አለ። 100 ሜትር የሚደርስ ቁመት አለው፤ በጊዜው በከተማው ተወዳዳሪ ያልነበረው ሕንፃ ነው። ጣሪያው ላይ እንደ ባሕር ዳርቻ መብራት ቤት የሚሽከረከር ትልቅ መብራት ተተክሏል። ከአስጎብኚዋ ጋር መጀመሪያ በአሮጌ አሳንሰር፣ ቀጥሎ በደረጃ ወጣን። ደረጃው ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እየጠበበ ይሄዳል፤ መጨረሻው ላይ ትከሻ አዙሮ ካልሆነ ሰው አያሳልፍም። አናቱ ላይ ዙሪያውን መስታወት የሆነ ትንሽ ክፍል አለ። መብራቱን ከበን ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን ተቀመጥን። በአንድ በኩል የምክር ቤቱ ጉልላት፣ በሌላ በኩል ጎዳናው ከነዛፎቹ እስከ ካሳ ሮሳዳ ድረስ ወለል ብሎ ይታያል። የፊርፖ ውጤት በዚህ መብራት ለከተማው ተነግሯል ይባላል። አስጎብኚዋ ታሪኩን ስትጨርስ ታች ቆሞ ከነበረው ሕዝብ ውስጥ ሴቶች ነበሩበት ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

“የቅድመ አያቴን ነው የማውቀው” አለችኝ። “እሷ ያኔ ልጅ ናት። አባቷና ወንድሞቿ ወጡ፤ እሷና እናቷ ቤት ቀሩ። ውጤቱን ያወቁት አባቷ በሩን ከፍቶ ሲገባ ፊቱን አይተው ነው።”

ይህን መልስ ይዤ ለብዙ ቀን ዞርኩ። ልጅቷ ስለ ፊርፖ ግድ ሳይኖራት ቀርቶ አይደለም፤ ተጨንቃ ጠብቃለች። ጎዳናው ግን የእሷ አልነበረም።

ከተማው ራሱ በወንድ የተሞላ ነበር። በ1914ቱ ቆጠራ ቦነስ አይረስ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት፤ ግማሽ ያህሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። አብዛኛው ጣሊያናዊና ስፔናዊ፣ ከመጪዎቹም የሚበዛው ቤተሰቡን ጥሎ ሥራ ፍለጋ በመርከብ የተሳፈረ ወንድ። ይህን ከየአገሩ የተሰበሰበ ሕዝብ አርጀንቲናዊ ማድረግ የመንግሥት ጭንቀት ነበር። ከ1901 ጀምሮ ወጣት ወንዶችን ሁሉ የሚያስገድድ የውትድርና ሕግ ወጣ። በ1912 ደግሞ ድምፅ መስጠት ሚስጥራዊና ለዜጋ ወንድ ሁሉ ግዴታ ሆነ። ስለዚህ የጄኖዋ ልጅ የአገር ልጅ የሚሆንባቸው በሮች የጦር ሰፈሩ፣ ምርጫ ጣቢያውና ኳስ ሜዳው ነበሩ፤ ከዳቦ ቤቱና ከወደቡ ይልቅ እነዚህ ላይ ነበር “እኛ” ማለትን የሚለማመደው። እኅቱ በአንዱም አታልፍም።

አንዲት ሴት ግን ሞክራለች። ሐኪሟ ሁሊየታ ላንቴሪ በ1911 በከተማው ምክር ቤት ምርጫ ድምፅ ሰጠች፤ የመምረጫ ሕጉ ስለ ጾታ የጻፈው ነገር ስላልነበረ ማንም ሊከለክላት አልቻለም። ቀጥሎ የመጣው ሕግ መራጩ በውትድርና መዝገብ ላይ የሰፈረ መሆን አለበት አለ። ላንቴሪ ተስፋ አልቆረጠችም፤ በ1919 ለምክር ቤት እጩ ሆና ቀረበች። የአርጀንቲና ሴቶች ድምፅ የመስጠት መብት በሕግ ያገኙት በ1947 ነው፤ የኳስ ሜዳው በር ደግሞ ከዚያም በኋላ ብዙ ቆይቶ ነው የተከፈተላቸው።

ካፌዎቹ እንኳ ይህን አደረጃጀት በግልጽ ያሳዩ ነበር። በብዙዎቹ ዋናው አዳራሽ የወንዶች ነው፤ ቤተሰብ ይዞ ለመጣ ሰው “የቤተሰብ ክፍል” የተባለ የተለየ ቦታ ይዘጋጃል። ዕለተ ሰኞ ስለ እሑዱ ጨዋታ የሚከራከረው፣ ቡድን የሚመርጠው፣ ዳኛ የሚረግመው ዋናው አዳራሽ ውስጥ ያለው ነው። ደጋፊነት የተወለደው ከሜዳው እኩል እዚህ፣ በሲጋራ ጭስና በቡና ሽታ መሃል ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የእግር ኳሱ ታሪክ ራሱ የታወቀ ነው። እንግሊዞች አመጡት፤ የባቡር ሐዲዱን፣ ባንኩንና ትምህርት ቤቱን ይዘው እንደመጡት ሁሉ። የመጀመሪያው ጨዋታ በ1867 ፓሌርሞ በሚባለው የከተማው ሰፈር ተካሄደ። ስኮትላንዳዊው መምህር አሌክሳንደር ዋትሰን ሃተን በ1884 በከፈተው ትምህርት ቤት ኳስን እንደ አንድ የትምህርት ዘርፍ ያዘው፤ ከተማሪዎቹ የወጣው አሉምኒ የተባለው ቡድንም ለዓመታት ሁሉን እያሸነፈ ቆየ። ከዚያ የሰፈር ልጆች መጡ። ሪቨር ፕሌት በ1901፣ ራሲንግ በ1903፣ ቦካ ጁኒየርስ በ1905፣ ሳን ሎሬንሶ በ1908 ተመሠረቱ። በ1913 ራሲንግ የጣሊያንና የስፔን ስም ባላቸው ተጫዋቾች ሻምፒዮን ሲሆን ኳሱ የአገር ልጅ ሆነ ተባለ።

ያንን “የአገር ልጅነት” በጽሑፍ ያቆመው ኤል ግራፊኮ ነው። መጽሔቱ በ1919 ተጀመረ፤ እስከ 2018 በወረቀት ታትሟል። በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የቆዩ ጥራዞቹን እያስመጣሁ አገላብጫለሁ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ጠርዙ ይሰባበራል፤ ገጹ ሲዞር በሁለት እጅ ደግፎ ነው። በ20ዎቹ ዓመታት ሽፋኑ ላይ ሴቶች ይወጡ ነበር፦ ዋናተኞች፣ ቴኒስ ተጫዋቾች፣ የመድረክ ተዋናዮች። ውስጡን ስከፍተው ግን ረጅሙ ጽሑፍ፣ ክርክሩ፣ የሰፈር ትዝታው ሁሉ ስለ ወንዶች የተጻፈ ነው። ሴት ለዓይን ቀረበች፤ የሚተረክ ታሪክ የተሰጠው ለወንድ ነው።

ከጸሐፊዎቹ አንዱ ቦሮኮቶ በሚል የብዕር ስም የታወቀው ሪካርዶ ሎሬንሶ ነው፤ ከሞንቴቪዴኦ የመጣ ኡራጓያዊ። በ1928 አንድ ሐውልት ይሠራ ብሎ ጻፈ፤ የጀኔራልና የፕሬዚዳንት ሳይሆን የአንድ ልጅ። ፊቱ የቆሸሸ፣ ጠጉሩ ማበጠሪያ ያላየ፣ ዓይኑ የሚያበራ፣ ልብሱ የተጣፈ፣ እግሩ ሥር የጨርቅ ኳስ ያለ ልጅ። በእሱ ሐሳብ የአርጀንቲና ኳስ የተወለደው ከእንግሊዞች የሣር ሜዳ ሳይሆን ፖትሬሮ ከሚባለው የሰፈር ባዶ ቦታ ነው። እዚያ አሰልጣኝ የለም፤ ልጁ በጠባብ ቦታ፣ በብዙ እግር መሃል ማታለልንና መላን ራሱ ይማራል። ማራዶናን ያየ የእኛ አገር ሰው ይህን ሲያነብ ደንገጥ ማለቱ አይቀርም፤ ልጁ ከመወለዱ 32 ዓመት አስቀድሞ ተጽፎ ቆየው።

ጽሑፉን እወደዋለሁ። ድሀ ልጅን የአገር ምልክት ያደረገ ሰው ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ነገር ግን ደጋግሜ ባሰብኩት ቁጥር አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ፦ ያ ልጅ እኅት አልነበረውም? ነበረው እንጂ። እሱ በሚያድርበት ክፍል ታድራለች፣ ከእሱ ጋር አንድ ዳቦ ትቆርሳለች። እሱ ሲነጋ ወደ ባዶው ቦታ ሲሮጥ እሷ ኮንቬንቲዮ በሚባለው የኪራይ ግቢ ውስጥ ትቀራለች፤ ውሃ ትቀዳለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ታናናሾቿን ታዝላለች። ልዩነታቸው የጉልበት አልነበረም። እሱ ከሰዓቱን ሙሉ በጎዳና ላይ የማባከን መብት ነበረው፤ እሷ አልነበራትም። የአርጀንቲና ኳስ የበቀለው ደግሞ ከዚያ ከባከነ ከሰዓት ነው።

ላ ቦካ ወደሚባለው ሰፈር ሄጄ እነዚህን ግቢዎች አየኋቸው። ካሚኒቶ የተባለችው ቀለማም መንገድ ለቱሪስት የተዘጋጀች ናት፤ ሁለት ጎዳና ራቅ ሲባል ግን ያው እንጨትና ቆርቆሮ፣ ያው ጠባብ ግቢ፣ ያው የተሰጣ ልብስ አለ። አንዱ ግቢ ውስጥ ከሲሚንቶ የተሠራ አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ነበር፤ ማሻው ቦታ ላይ ሲሚንቶው በእጅ ብዛት አልቆ ለስልሷል። ሽቅብ ሲታይ ደግሞ በጣሪያዎቹ መሃል የቦምቦኔራ ስታዲየም ሰማያዊና ቢጫ ግድግዳ ይታያል።

ቦካ ጁኒየርስን ከጣሊያን የመጡ ሰዎች ልጆች በኤፕሪል 1905 በፕላሳ ሶሊስ ተሰብስበው መሠረቱት። ከመሥራቾቹ ሁለቱ የፋሬንጋ ወንድማማቾች ናቸው። በክለቡ ታሪክ እንደሚነገረው የመጀመሪያውን ማሊያ በእጇ የሰፋችው እኅታቸው ማኑዌላ ፋሬንጋ ናት። የመሥራቾቹ ስም ሲነሣ የእሷ ከሰፊነት አያልፍም። ለእኔ ግን መሥራች ናት። ማሊያ የሌለው ቡድን ጎዳና ላይ የሚራገጥ የልጅ ስብስብ ነው፤ ማሊያውን የለበሰ ቀን ነው ሰፈሩ “የእኛ” የሚለው።

ማሊያ ብቻም አይደለም። በዚያ ዘመን ክለብ ማለት ከኳስ ቡድን የሰፋ ነገር ነበር። ቤተ መጻሕፍት፣ የጭፈራ አዳራሽ፣ የልጆች ጨዋታ፣ የካርኒቫል ግብዣ ነበረው። የካርኒቫሉ ጭፈራ ለክለቦች ገንዘብ ያስገባ ነበር፤ ያለ ሴቶች ደግሞ ጭፈራ የለም። ሴቶች አባል ሆነው መዋጮ ይከፍላሉ፣ ዝግጅቱን ያሰናዳሉ፣ በእሑድ ቀን ባርኔጣ አድርገው መቀመጫው ላይ ይታያሉ። ፎቶዎቹ ውስጥ አሉ። ጋዜጦቹም መምጣታቸውን ይወዱታል፤ ሴቶች ያሉበት ሜዳ የጨዋ ሜዳ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ። እንግዲህ ከሴቷ የሚፈለገው መገኘቷ ነው፤ ጩኸቷን የጠየቃት የለም።

ጩኸቱ የወንዶች ነበር፤ አንዳንዴም እሳት ነበረው። በ1916 በመጀመሪያው የደቡብ አሜሪካ ዋንጫ የአርጀንቲናና የኡራጓይ ጨዋታ ሜዳው ከሚችለው በላይ ሰው ስለገባ ሲቋረጥ የተቆጣው ሕዝብ የእንጨት መቀመጫዎቹን አቃጠለ። በ1924 የኦሎምፒክ ሻምፒዮን ሆነው የተመለሱት ኡራጓያውያን ቦነስ አይረስ ሲጫወቱ ሕዝቡ ሜዳውን አጥለቀለቀው፤ ጨዋታው ለሌላ ቀን ተላለፈ፣ ለዚያም ቀን ተመልካቹን ከሜዳው የሚለይ የሽቦ አጥር ተዘረጋ። አጥሩ ዛሬም በመላው አገሪቱ አለ። በዚያው ዓመት ሞንቴቪዴኦ ውስጥ ከጨዋታ በኋላ በተነሣ ጠብ አንድ ኡራጓያዊ ደጋፊ በጥይት ተገደለ። ለቡድን መጮህ ወንድነትን ማሳያ ሲሆን መጨረሻው ወዴት እንደሚያመራ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይታይ ነበር።

ደጋፊ ራሱ ጀግና የሆነበትም ጊዜ ነው። በ1925 ቦካ ወደ ስፔን፣ ጀርመንና ፈረንሳይ ተጉዞ ከ19 ጨዋታ 15ቱን ሲያሸንፍ ቪክቶሪያኖ ካፋሬና የተባለ ደጋፊ አብሮ ሄደ። ተጫዋቾቹን ያሻል፣ ዕቃ ይሸከማል፣ የጎደለውን ይሞላል። “12ኛው ተጫዋች” ብለው ሰየሙት፤ የቦካ ደጋፊዎች ዛሬም በዚህ ቁጥር ይጠራሉ። ካፋሬና ያደረገው ሁሉ፣ ልብስ ማዘጋጀት፣ የደከመ እግር ማሸት፣ ማስታመም፣ በየግቢው ሴቶች በየቀኑ የሚያደርጉት ነበር። በመርከብ ላይ ወንድ ሲያደርገው ታሪክ ሆነ። ክብሩን አልነፍገውም፤ ማኑዌላ ፋሬንጋም ግን ቁጥር ይገባት ነበር።

በዚያ ሁሉ መሃል ሴቶች ኳስ አልተጫወቱም ማለት አይደለም። በኦክቶበር 1923፣ ከፊርፖ ግጥሚያ አንድ ወር በኋላ፣ “አርጀንቲናዎቹ” እና “ኮስሞፖሊታኖቹ” የተባሉ ሁለት የሴቶች ቡድኖች ቦካ ያኔ በሚጠቀምበት ሜዳ ገጠሙ፤ ብዙ ሺህ ሰው ተመለከተ። ሰው እንደ አዲስ ነገር አይቶት ሄደ፤ ሊግ አልወጣበትም፣ ሜዳ አልተሰጠበትም። የጊዜው የሕክምናና የትምህርት ሰዎችም መንገዱን ዘግተውታል። የአርጀንቲናን የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ያደራጀው ዶክተር ኤንሪኬ ሮሜሮ ብሬስት ሴት ልጅ መንቀሳቀስ አለባት ብሎ አምኗል፤ ይህ በዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበር። እንቅስቃሴው ግን ለነገ እናትነቷ የሚያዘጋጃት ለስላሳ ጂምናስቲክ መሆን ነበረበት። መውደቅ፣ መጋጨት፣ መጮህ የለበትም።

አሁን ወደ ወንዙ።

ፑንታ ላራ ከቦነስ አይረስ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከላ ፕላታ ከተማ አቅራቢያ ያለ የወንዝ ዳርቻ ነው። ሪዮ ዴ ላ ፕላታ እዚህ ወንዝ አይመስልም፤ ማዶው አይታይም። ውሃው ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ ከደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ሲነሣ ሞገዱ አጭር፣ ቶሎ ቶሎ የሚመታ ይሆናል፤ ለዋናተኛ ከረጅም የባሕር ሞገድ ይከፋል። ጫማዬን አውልቄ ገባሁበት። ሃያ ሠላሳ እርምጃ ሄጄ ገና ጉልበቴ ጋ ነበር፤ እግሬ ሥር ያለው ጭቃ ለስላሳ ነው፣ ይይዛል።

ዲሴምበር 21 ቀን 1923 ሊሊያን ሃሪሰን፣ ኪልሜስ የተወለደች፣ ገና 20 ዓመት ያልሞላት ወጣት፣ ኡራጓይ ውስጥ ከኮሎኒያ ወደዚህ ውሃ ገባች። ከዚያ በፊት ሞክራ አልተሳካላትም ነበር። በማግስቱ ፑንታ ላራ ስትደርስ 24 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ዋኝታለች፤ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ። ሪዮ ዴ ላ ፕላታን በዋና የተሻገረ የመጀመሪያው የሰው ልጅ እሷ ናት። ፔድሮ ካንዲዮቲ የተባለው፣ በወንዝ ዋና ስሙ እስከ ዛሬ የሚጠራው የሳንታ ፌ ሰው፣ ይህንኑ መሻገሪያ ደጋግሞ ሞክሮ አልሆነለትም።

ያንን ሌሊት ለማሰብ ሞከርኩ። አጃቢው ጀልባ ላይ ፋኖስ አለ፤ ከዚያ ውጭ ጨለማ ነው። ክንዷን ታነሣለች፣ ትጥላለች። አንድ ሰዓት፣ አምስት ሰዓት፣ 12 ሰዓት፤ ከዚያ ያንኑ ያህል እንደገና። ፊርፖ አራት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የገባበትን ታሪክ እሷ በአንድ ቀንና ሌሊት ገዛችው።

ጋዜጦች ጻፉላት፣ ፎቶዋ ታተመ። ማንም አልደበቃትም። በ1925ም የእንግሊዝን ቻናል ለመሻገር አውሮፓ ድረስ ሄዳ ሞከረች፤ አልተሳካላትም። ቢሆንም በዓመት ቀን የላትም፣ ካፌ ውስጥ ስለ እሷ የሚከራከር የለም። ላ ፕላታ ውስጥ አውቶቡስ ስጠብቅ ከጎኔ የቆሙትን አንድ አዛውንት ስለ ፊርፖ ጠየቅኋቸው፤ ሰባቱን መውደቅ በእጃቸው እያሳዩ ነገሩኝ። ስለ ሃሪሰን ስጠይቃቸው “ይህቺ ደግሞ ማን ናት የኔ ልጅ?” አሉኝ። ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ወደ ወንዙ አቅጣጫ አዩ፤ ከዚያ ልጅ ሆነው እዚያ ሲዋኙ አባታቸው ከመቶ ሜትር በላይ እንዳይሄዱ ይከለክሏቸው እንደነበር አጫወቱኝ።

እኔ ከዚህ ጉዞ የተረዳሁት ይህን ነው፦ የአርጀንቲና ሴቶች ጀብዱ አልጎደላቸውም፤ የጎደላቸው ደጋፊ ነው። ፊርፖ ተሸንፎ ተወረሰ፤ አባት ለልጁ፣ ልጅ ለልጁ፣ ካፌ ለካፌ ተቀባበለው። ሃሪሰን አሸንፋ ወራሽ አጣች። ደጋፊነት በሰፈር፣ በአባትና በጎዳና የሚተላለፍ ውርስ ሆኖ ስለተሠራ ልጃገረዷ በር ዘግታ ውጤቱን ከአባቷ ፊት ላይ ማንበብ ነበረባት። ስለ ሌላ ሴት ጮኻ የምታወርስበት ቦታ አልነበራትም።

ከሃሪሰን በኋላ ሌላ ዋናተኛ መጣች፤ ጃኔት ካምቤል። በ1936 ወደ በርሊን ኦሎምፒክ ከሄደው የአርጀንቲና ልዑክ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት እሷ ነበረች፤ ጉዞው በመርከብ ስለሆነ ልምምዷን በመርከቡ ትንሽ ገንዳ ውስጥ አደረገች፣ በ100 ሜትር ነጻ ዋና የብር ሜዳሊያ ይዛ ተመለሰች። ኳሱ ደግሞ እስከ 1971 ጠበቀ። በዚያ ዓመት ኦገስት 21 ቀን ሜክሲኮ ውስጥ በአዝቴካ ስታዲየም የአርጀንቲና ሴቶች ቡድን እንግሊዝን 4 ለ 1 ሲያሸንፍ አራቱንም ግብ ኤልባ ሴልቫ አስቆጠረች። ተጫዋቾቹ አሰልጣኝ ሳይኖራቸው ነው ከአገር የወጡት። ዛሬ ያ ቀን የሴት እግር ኳስ ተጫዋቾች ቀን ሆኖ ይታሰባል፤ ለዚህ የበቃው ግን የዚያ ቡድን ሴቶች አርጅተው፣ ታሪካቸውን ራሳቸው እየዞሩ ካስተዋወቁ በኋላ ነው።

የመጨረሻውን ከሰዓት በኋላ ያሳለፍኩት ቪያ 31 ነው። ከሬቲሮ ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ከአውራ ጎዳናው ሥር፣ ጡብ በጡብ ላይ ተደራርቦ የተሠራ ሰፈር ነው። መሃሉ ላይ ጉዌሜስ የሚባል የኳስ ሜዳ አለ። በ2007 እዚህ ላ ኑዌስትራ የተባለ የሴቶች ቡድን ተጀመረ፤ ከአሰልጣኞቹ አንዷ የቀድሞዋ ተጫዋች ሞኒካ ሳንቲኖ ናት። መጀመሪያ ላይ ወንዶቹ ሜዳውን አንለቅም ብለው ነበር። ሴቶቹ ልምምድ ሲጀምሩ መሃል ገብተው ይጫወታሉ፣ ያቋርጣሉ። ሴቶቹ ታዲያ መስመሩን ዙሪያውን ከበው እየቆሙ፣ ውስጥ ያሉት እንዲጫወቱ ሜዳውን ጠበቁት። ያንን የባከነ ከሰዓት፣ የቦሮኮቶ ልጅ በነጻ ያገኘውን፣ ቆመው ነው ያስለቀቁት።

እኔ ስደርስ ሰዓቱ የሴቶቹ ሆኖ ነበር። ሁለት ወንዶች ልጆች ኳሳቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ተራቸውን እየጠበቁ ግድግዳ ላይ ተደግፈዋል። ሜዳው ላይ ስምንት ዘጠኝ ዓመት የሚሆናቸው ሴቶች ልጆች በብርቱካናማና በነጭ ተከፍለው ይጫወታሉ። ከመስመሩ ውጭ እናቶችና አያቶች የማቴ ሻያቸውን እየተቀባበሉ ቆመዋል፤ አንዷ ፔርሙሷን ጥላ እስክትነሣ ድረስ ትጮኻለች። አንዲት ጠጉሯን በሁለት የተጎነጎነች ልጅ ሁለት ተጫዋች አልፋ ሦስተኛዋን ልታልፍ ስትል ኳሱ አመለጣት። አያቷ ይሆናሉ ብዬ የገመትኳቸው ሴትዮ እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው መስመሩን አልፈው አንድ እርምጃ ገቡ፦ “አቀብያት እንጂ! ምን ነካሽ ልጄ፣ ቀኝሽ ባዶ ነበር! ተመለሽ፣ ተመለሽ፣ ያዣት!”